የወጨጫን ጫፍ ለመውጣት ስናቅድ

ወጨጫን የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ይኖራል ብለን አንገምትም፤ በስሙ ባያውቀው በዐይኑ ያውቀዋል። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው ፀሐይ ወደ እርሱ አቅጣጫ ስታዘቀዝቅ የሚታየው ሰፊ ተራራ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,385 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ተራራ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የከሰመ እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ በምዕራብ በኩል ባለው ተዳፋቱ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን ተንጣሎ ይገኛል። በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተክለውታል። ዛሬ በደኑ ውስጥ ግንዳቸውን ሁለትና ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፋቸው የጥድና የዝግባ ዛፎች ይታያሉ፤ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላም ይኖሩበታል።

ከክፍለ ትምህርታችን ተማሪዎች መካከል ወደዚህ ተራራ ጫፍ ለመውጣት የሚያስቡ በየዓመቱ አይጠፉም። የሚጠይቁን ጥያቄም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዐይነት ነው፤ «ምን ያህል ሰዓት ይፈጃል? ምን ይዘን እንሂድ?» የሚል ነው። ለሁለቱም ጥያቄዎች መልሱ በአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ትምህርት ውስጥ ይገኛል። ወጨጫ ለከተማው ቅርብ መሆኑ ሰውን ያዘናጋል። ለራስ ዳሸን ለመሄድ ወር ሙሉ የሚዘጋጅ ወጣት ለወጨጫ አንድ ጠርሙስ ውኃና ስስ ጫማ ይበቃኛል ብሎ ሊነሣ ይችላል። የአየሩ ግፊት፣ ትነቱና የፀሐይዋ አቅጣጫ ግን ቅርብና ሩቅ አይለዩም። ስለዚህ ከመነሣታችን በፊት ጉዞውን በወረቀት ላይ ወጥተን እንውረድ።

የመመለሻ ሰዓት

እ.ኤ.አ. በ1892 ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ቀላል ደንብ ጽፎ ነበር። ደንቡ በሜትሪክ መለኪያ ሲቀመጥ እንዲህ ይላል፦ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አግድም ጉዞ አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመር። ደኑ ከ2,200 ሜትር ገደማ ጀምሮ ወደ ላይ ይዘልቃል። የእግር ጉዟችንን 2,400 ሜትር አካባቢ ጀመርን፣ መንገዱም ለመውጣት ብቻ 9 ኪሎ ሜትር ሆነ እንበል። አግድሙ 1 ሰዓት ከ48 ደቂቃ፣ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋው ሽቅብ ደግሞ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል፤ ድምሩ 3 ሰዓት ተኩል ያህል መሆኑ ነው።

ኔይስሚዝ ግን ያሰበው ለሠለጠነ ሰው፣ በስኮትላንድ ዝቅተኛ ኮረብታዎች ላይ፣ ያለ ዕረፍት ለሚሄድ ነው። እኛ 15 ሰው ሆነን በስስ አየር ውስጥ ስንሄድ፣ አንዱ የጫማ ክር ሲያስር ሌላው ፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ልንጨምር ይገባል። ስለዚህ ለመውጣት 4 ሰዓት ተኩል፣ ጫፉ ላይ 45 ደቂቃ፣ ለመውረድ 3 ሰዓት እንያዝ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተነሣ ቡድን 6 ሰዓት ተኩል ላይ ጫፍ ደርሶ፣ 7 ሰዓት ከሩብ ላይ መውረድ ጀምሮ፣ 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ከተነሣበት ይደርሳል።

ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ብዙ ጊዜ የቀረ ይመስላል። ነገር ግን አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው። በሰሜን አውሮፓ ፀሐይ በጎን ተንሸራታ ስለምትጠልቅ በበጋ ውጋጋኑ ሰዓት ያልፋል። በእኛ ዘንድ ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስትጓዝ ከአድማስ በታች 6 ዲግሪ ለመድረስ የሚበቃት 24 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ መንገድ በዐይን አይለይም። በኅዳር ወር ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ነው። ጥቅጥቅ ባለ የጥድ ደን ውስጥ ደግሞ ጨለማው ቀደም ብሎ ይገባል። በመሆኑም በወረቀቱ ላይ ከሁሉ በላይ በቀይ ቀለም ሊጻፍ የሚገባው የመመለሻ ሰዓት ነው። እኛ 7 ሰዓት እንላለን። 7 ሰዓት ሲሆን ጫፉ 100 ሜትር ቀርቶ ቢታይ እንኳ ቡድኑ ፊቱን ያዞራል። ይህን ውሳኔ ጫፉ ሥር ሆኖ መወሰን ከባድ ስለሆነ ቤት ሆኖ መወሰን ይሻላል። በትምህርት ምክንያት በቆየንበት አገር ተራራ የሚወጡ ሰዎች መንገዳቸውንና የመመለሻ ሰዓታቸውን በወረቀት ጽፈው ለሚቀር ሰው ሲተዉ እናይ ነበር፤ ወጪ የማይጠይቅ መልካም ልማድ ነው።

ስለ ወቅቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ የተመረጠ ነው። በተለይ በጥቅምት የክረምቱ ዝናብ አቧራውን ከአየር ላይ አጥቦ ስለሚተወው፣ ከጫፉ ላይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለው ዝቋላ ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። ከመሄድ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ከወረዳው አስተዳደርና ከደኑ ጠባቂዎች መጠየቅ፣ አካባቢውን የሚያውቅ መሪም መያዝ የግድ ነው።

ስሱ አየር

በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 1,013 ሄክቶፓስካል ያህል ነው። አዲስ አበባ ላይ ከዚህ ሦስት አራተኛው፣ ወጨጫ ጫፍ ላይ ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ይቀራል። ኦክስጅን በአየር ውስጥ ያለው ድርሻ በሁሉም ስፍራ 21 ከመቶ ቢሆንም፣ ግፊቱ ሲቀንስ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው የሞለኪውል ቁጥር ይቀንሳል። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው ልዩነቱ 12 ከመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ትንፋሹ ፈጠን ከማለት በቀር ብዙ አይጎዳም። ሆኖም በዚያው ሳምንት ከጋምቤላ ወይም ከድሬዳዋ ለትምህርት የመጣ ተማሪ አብሮ ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ከጀመሩት ያልለመደ አካል ምልክት እየሰጠ ነውና፣ መድኃኒቱ ሳይዘገዩ መውረድ ነው።

ግፊቱ ሲቀንስ ውኃም የሚፈላው ቀደም ብሎ ነው። አዲስ አበባ ላይ በ92፣ ወጨጫ ጫፍ ላይ በ89 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል። በዚህ ሙቀት ባቄላ ለመቀቀል የሚሞክር ሰው እራቱን የሚበላው በማግሥቱ ሊሆን ይችላል! በደን ውስጥ እሳት ማንደድም አይገባም። ስለሆነም የአገራችን መንገደኛ ከጥንት ጀምሮ የያዘው ቆሎ በፊዚክስም የተደገፈ ምርጫ ነው።

ላብና ነፋስ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ክብደቱ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ተማሪ 8 ኪሎ ግራም ሸክም ይዞ 1,000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ በስበት ላይ የሚሠራው ሥራ፦

68 × 9.8 × 1,000 = 666,400 ጁል

ነው፤ 0.67 ሜጋ ጁል እንበለው። ጡንቻ ከሚያገኘው የምግብ ጉልበት ወደ ሥራ የሚለውጠው ግን አንድ አራተኛውን ብቻ ነው። ስለዚህ ለሽቅቡ 2.7 ሜጋ ጁል፣ ለ9 ኪሎ ሜትሩ አግድም ጉዞ ደግሞ ወደ 1.2 ሜጋ ጁል፣ በድምሩ 3.9 ሜጋ ጁል ወይም ወደ 930 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል። ይህ ሩብ ኪሎ ገደማ የገብስ ቆሎ ውስጥ ይገኛል። ምግብ እንግዲህ ችግር አይደለም።

ችግሩ ያለው በቀሪው ጉልበት ላይ ነው። ከ3.9 ሜጋ ጁል ውስጥ 0.67ቱ ወደ እምቅ ጉልበት ሲለወጥ 3.2 ሜጋ ጁል የሚሆነው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አካል ሥራ ሳይሠራ እንኳ ከሚያመነጨው 90 ዋት ያህል ጋር ሲደመር፣ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው 300 ዋት የሚጠጋ ማሞቂያ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ሙቀት አካል ከሚያስወግድባቸው መንገዶች ዋነኛው ላብ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 2.4 ሜጋ ጁል ይዞ ይሄዳል። ከሽቅብ ጉዞው የሚገኘው ሙቀት በሙሉ በላብ ይወገድ ቢባል 1.3 ሊትር ውኃ ይጠይቃል። ለቀኑ ሙሉ በነፍስ ወከፍ ከ2 ሊትር ተኩል እስከ 3 ሊትር ውኃ ያዙ የምንለው ከዚህ ተነሥተን ነው። ከምንጭ ለመቅዳት ያሰበ ሰው ውኃው ንጹሕ መሆኑን በመልኩ አይወስን። በዚህ ከፍታ ውኃ አፍልቶ ለመጠጣት ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ሊቆይ ይገባዋል።

ተማሪው ጫፍ ሲደርስ የሚሆነውን እንመልከት። ደስ ብሎት ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። የ300 ዋቱ ማሞቂያ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወደ 100 ዋት ይወርዳል። ከአንድ ኪሎ ሜትር ሽቅብ ጋር የአየሩ ሙቀት 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ከሥር 20 ዲግሪ የነበረው ጫፉ ላይ 13 ወይም 14 ሆኗል፤ ነፋስም አለ። የጥጥ ካናቴራው ደግሞ በላብ ርሷል። በካናቴራው ውስጥ 200 ግራም ውኃ ቢኖር፣ ተንኖ እስኪደርቅ ድረስ፦

0.2 × 2.4 ሜጋ ጁል = 480 ኪሎ ጁል

ሙቀት ይወስዳል። የአንድን 60 ኪሎ ግራም ሰው አካል በአንድ ዲግሪ ለማቀዝቀዝ ሊወሰድ የሚገባው ሙቀት 210 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ያ ሁሉ ሙቀት ከአካሉ ብቻ የሚወሰድ ቢሆንና አካሉም ምንም ባይተካ፣ ሙቀቱ በ2.3 ዲግሪ ይወርድ ነበር። ከ37 ዲግሪ ተነሥቶ ከ35 በታች መውረድ ማለት ሐኪሞች የአካል ቅዝቃዜ አደጋ ብለው ከሚጠሩት ደረጃ ውስጥ መግባት ነው። በእርግጥ አካል ዝም ብሎ አያይም፤ ያንቀጠቅጣል፣ በመንቀጥቀጡም ሙቀት ይሠራል። ሆኖም የተራበ፣ የደከመና ዝናብ ያገኘው ሰው የሚያንቀጠቅጥበት ጉልበትም ያልቅበታል። እጁ አልታዘዝ ካለው፣ ንግግሩ ከተሳሰረና ሲንቀጠቀጥ የነበረው ድንገት ከተወው ጓደኞቹ ሊደነግጡ ይገባል። ብዙ ሰው በብርድ ለመጎዳት በረዶ ያስፈልጋል ብሎ ያስባል፤ ስሌቱ ግን እርጥብ ልብስና ነፋስ ከተገናኙ 10 ዲግሪም እንደሚበቃ ያሳያል።

መከላከያው ቀላል ነው። ጫፉ ከመድረሱ በፊት ዝግ ብሎ መሄድ፣ ላብ ሲጀምር አንድ ልብስ መቀነስ፣ ጫፍ እንደደረሱ ሳይቀመጡ በፊት ደረቅ ካናቴራ መለወጥ ይገባል። ስለ ጋቢም ደጋግመው ይጠይቁናል። ልብስ የሚያሞቀን በውስጡ ባቆረው አየር ነው። ውኃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ አብልጦ ያስተላልፋል። በፌስታል ተጠቅልሎ ደረቅ ሆኖ ጫፍ የደረሰ ጋቢ ከብዙ የውጭ ጃኬት ይበልጣል፤ የረጠበ ጋቢ ግን ሸክም ብቻ ነው። የበግ ጠጉር ሹራብ ሲረጥብም የተወሰነ አየር ስለሚይዝ ከጥጥ ይሻላል።

ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣው ደመና አንድ ነገር እንበል። ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቅ አየሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎቱም ይጤዛል። በበልግና በክረምት ከቀትር በኋላ መብረቅ የሚበዛው በዚህ የተነሣ ሲሆን፣ በበጋም አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ብልጭታውን አይቶ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ያለውን ሴኮንድ ለ3 ማካፈል ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጣል። ከ30 ሴኮንድ ያነሰ ከሆነ ከጫፉና ከሸንተረሩ መውረድ ያስፈልጋል። ከጫፉ አጠገብ የሚበቅለው አስታ ቁጥቋጦ ነውና በዚያ መካከል ረጅሙ ነገር የቆመው ሰው ራሱ ነው። ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ደግሞ ከዚያ አያንስም፤ ቁመታቸው ተመሳሳይ በሆኑ ብዙ ዛፎች መካከል፣ ዝቅ ባለ ስፍራ፣ ከግንድ ራቅ ብሎ መቆየት ይሻላል።

የደኑ ጸጥታ

ወደ መናገሻ ሱባ የሄደ ሰው ሁሉ ስለ ጸጥታው ያወራል። ጸጥታውም ምክንያት አለው። አንድ ድምፅ በባዶ ሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በደን ውስጥ በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። የመጀመሪያው ከዘመናት ጀምሮ የተከመረው የረገፈ ቅጠል ነው። ቀዳዳው የበዛ በመሆኑ፣ ለስቱዲዮ ግድግዳ እንደሚለጠፍ ስፖንጅ፣ በተለይ ጥቂት መቶ ኸርዝ ድግግሞሽ ያላቸውን ድምፆች ይመጣል። ሁለተኛው ቅጠሉና ቅርንጫፉ ነው። የ3,400 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከዚህ ጋር የሚቀራረቡ ቅርንጫፎች ሞገዱን በየአቅጣጫው ይበትኑታል። በጸጥታው ውስጥ የሚቀረው የነፋሱ ፉጨት ነው። ነፋስ በቀጭን ነገር ዙሪያ ሲያልፍ ሽክርክሪት ይሠራል፤ ቪንሰንስ ስትሮሃል እ.ኤ.አ. በ1878 እንዳሳየው የድምፁ ድግግሞሽ የነፋሱ ፍጥነት ለቀጭኑ ነገር ውፍረት ተካፍሎ በ0.2 ሲባዛ የሚገኘው ነው። የጥድ ቀንበጥ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረውና ነፋሱ በሴኮንድ 2 ሜትር ቢሆን 400 ኸርዝ፣ 5 ሜትር ሲሆን 1,000 ኸርዝ ይሰማል። የጥዱ ድምፅ እየቀጠነ ከሄደ ከላይ ነፋሱ በርትቷል ማለት ነውና፣ ሹራቡን ከደኑ ሳይወጡ መልበስ ነው።

ይህ ጉዳይ ከጉጉት ያለፈ ጥቅም አለው። ከፍ ካለው ሸንተረር ላይ ሆነን ከታች ያለውን የመንደር ውሻ እንሰማለን፤ እኛ ግን ብንጮህ የሚሰማን የለም። ብዙዎች ድምፅ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም ይላሉ። ነፋስ በሌለበት የድምፅ መንገድ ለሁለቱም ወገን አንድ ነው። ልዩነቱ በሰሚው ዘንድ ያለው ሁካታ ነው። በጸጥታ ውስጥ ያለ ሰው ደካማውን ድምፅ ይለየዋል፤ ከወፍጮው፣ ከልጆቹና ከመኪናው አጠገብ ያለው ሰው ግን የእኛን ጩኸት ከሌላው አይለየውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተጓዥ አንዳንድ ፊሽካ ይያዝ። ጆሯችን ከሁሉ ይልቅ ስል የሚሆነው በ3,000 ኸርዝ አካባቢ በመሆኑ የፊሽካ ድምፅ ከነፋሱ ወፍራም ሁካታ ተለይቶ ይሰማል። በአልፕስ ተራሮች የተለመደው የጭንቅ ምልክት በአንድ ደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ ነፍቶ አንድ ደቂቃ ማረፍና መድገም ሲሆን፣ የሰማ ሰው በደቂቃ 3 ጊዜ በመንፋት ይመልሳል። ይህን ከመነሣት በፊት ለቡድኑ ሁሉ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ለጨዋታ የሚነፋው ፊሽካ እውነተኛውን ይሸፍነዋል።

ዛሬ በየተማሪው ኪስ ያለው ስልክ ያለ ኔትወርክም ከሳተላይት ቦታውን ያነባል። ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ ግን ስልኩ ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳልና ፍለጋውን ማጥፋት፣ ካርታውንም አስቀድሞ መጫን ይገባል። አንዳንዱ ስልክ የአየር ግፊት መለኪያም አለው። በዚህ ከፍታ ግፊቱ በአንድ ሄክቶፓስካል ሲቀንስ 11 ሜትር ያህል ወጥተናል ማለት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ በሞቃታማው የምድር ክፍል ግፊቱ በየዕለቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ብሎ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱም ከ2 እስከ 3 ሄክቶፓስካል ይደርሳል። አንድ ቦታ ላይ የተቀመጠ መለኪያ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ሜትር «ይወጣል»። ወጨጫ ለመሄድ ያልተመቸው አንባቢ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በየሰዓቱ ቢመዘግብ ይህን የከባቢ አየር መናወጥ ቤቱ ሆኖ ሊያየው ይችላል።

ለመውረድ የያዝነው 3 ሰዓት ለብዙዎች የበዛ ይመስላቸዋል። ሲወጡ ያከማቹት 0.67 ሜጋ ጁል እምቅ ጉልበት ሲወርዱ የሚሄድበት ስፍራ ይፈልጋል፤ ፍሬን የሚሆኑትም የጭን ጡንቻዎችና ጉልበቶች ናቸው። ጡንቻ እየተለጠጠ ሲይዝ ከሚጎትትበት ጊዜ የበለጠ ይጎዳልና፣ በማግሥቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅተው በሽቅቡ ሳይሆን በቁልቁለቱ ምክንያት ነው። አጭር እርምጃ፣ እንደ ምርኩዝ የሚያገለግል ዱላ፣ ጣትን የማይጨቁን ጫማ ይረዳሉ። ቁልቁል መሮጥ አይፈቀድም። መሪው ከፊት፣ ብርቱው ተማሪ ከኋላ ሆነው በየግማሽ ሰዓቱ ሰው ይቈጠር፤ ከታች ሲደረስም ማንም ወደ መኪናው ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ ይቈጠር፤ ወረቀቱን ለተውንለት ሰውም ወዲያው ይደወልለት።